ሸክላ ሁሉ አንድ አይደለም
(ስለ ሙዚቃ ሸክላ አተጣጠብና አጠባበቅ የቀረበ አጭር ጥናት)

በዚህ መጽሔት ስለ ታሪክ፣ ስለ ፍልስፍናና ስለ ሀገር ጉዳይ ከባድ ከባድ ጽሑፍ ሲወጣ፣ እኛ ስለ ሸክላ እጥበት ለመጻፍ መነሣታችን አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሳያሰኛችሁ አይቀርም። ነገር ግን የዚህን ጽሑፍ ምክንያት ስትሰሙ ፈገግታው ወደ ሐሳብ ይለወጣል ብለን እናምናለን። ይህን ጥናት እንድንጽፍ ያደረገን ዕውቀታችን ሳይሆን ጥፋታችን ነው።

ባለፈው የክረምት ዕረፍት ሦስት ሆነን ወደ አንድ ጓደኛችን አያት ቤት ሄድን። እኒህ አዛውንት ከአልጋቸው ሥር አንድ የእንጨት ሣጥን ስበው አወጡልን። በውስጡ ከሃያ የሚበልጡ ትንንሽ ሸክላዎችና አራት ትልልቅ፣ ከባድ ሸክላዎች ነበሩ። ትልልቆቹን የገዟቸው የእርሳቸው አባት እንደ ነበሩ ነገሩን። አቧራ ስለ ዋጣቸው እናጽዳልዎ አልናቸው፤ እርሳቸውም ደስ ብሏቸው ፈቀዱ። ከመካከላችን አንዱ አልኮል ሸክላን ያጠራል የሚል ነገር አንብቦ ኖሮ፣ ከመድኃኒት ቤት አንድ ጠርሙስ ገዝተን ሥራ ጀመርን። ትንንሾቹ እንደ መስተዋት አበሩ። በዚህ ተደፋፍረን ከትልልቆቹ አንዱን በዚያው ጨርቅ ጠረግነው። ጨርቁ ጠቆረ፤ ቆሻሻው ወጣልን ብለንም ተደሰትን። የወጣው ግን ቆሻሻው አልነበረም፤ ሸክላው ራሱ ነበር። ሲደርቅ ፊቱ አመድ መሰለ። በማጫወቻ ላይ ስናስቀምጠው እንደ ዝናብ ከሚንኰሻኰሽ ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረውም። አዛውንቱም ከተቀመጡበት ሆነው፣ «ልጆቼ፣ ድምፁ ይሰማል?» ብለው ጠየቁን። የምንመልሰው አጣን።

እንግዲህ የበደላችንን ምክንያት ለማወቅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያነበብነውንና በእጃችን የሞከርነውን ከዚህ በታች እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ስሙ አንድ፣ ነገሩ ሦስት

በቋንቋችን ሙዚቃ የተቀረጸበትን ክብ ነገር ሁሉ «ሸክላ» እንላለን። ስሙ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ያሳሳተን ይኸው ስም ነው። በአንድ ስም የምንጠራቸው ነገሮች ቢያንስ ሦስት ዓይነት ናቸው፤ አንዱን የሚያድነው መድኃኒት ሌላውን ይገድላል።

አንደኛው ሼላክ የሚባለው ነው። ሼላክ በህንድና በታይላንድ አንዲት ትንሽ ነፍሳት በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የምታወጣው ሙጫ ነው። ይህ ሙጫ ከደቀቀ ድንጋይና ከጥላሸት ጋር ተደባልቆ በሙቀት ሲታተም፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የጥንቱ ከባድ ሸክላ ይሆናል። ቢወድቅ እንደ ገንቦ ይሰበራል። ተሰማ እሸቴ በ1908 ዓ.ም ገደማ ጀርመን ሀገር የቀረጿቸው ዘፈኖች፣ ከኢትዮጵያ ሙዚቃ በሸክላ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ የታተሙትም በዚህ ዓይነቱ ላይ ነው። ሼላክ በአልኮል ይሟሟል። የእንጨት ዕቃ የሚያስጌጡ ሰዎች ይህንኑ ሙጫ በአልኮል አሟሙተው ለማብረቂያ ይቀቡታል። እኛም ሳናውቅ የሠራነው ይህንኑ ነበር፤ የአዛውንቱን ሸክላ አሟምተን በጨርቃችን ላይ ቀባነው።

ሁለተኛው ቪኒል ነው። ይህ ፖሊቪኒል ክሎራይድ ከሚባል ፕላስቲክ የሚሠራ ሲሆን ቀላልና ጥቂት የሚታጠፍ ነው። በደቂቃ 33 ከ1/3 ጊዜ የሚዞረውን ትልቁን ሸክላ በ1948 ዓ.ም ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ ባለ 45 ዙሩን ትንሹን ደግሞ በ1949 ዓ.ም አርሲኤ ቪክተር ለገበያ አወጡ። አምሐ እሸቴ በ1969 ዓ.ም «አምሐ ሪከርድስ»ን አቋቁመው የእነ ዓለማየሁ እሸቴንና የእነ ማሕሙድ አሕመድን ድምፅ ያሠራጩት በቪኒል ነው። ቪኒል በአልኮል እንደ ሼላክ አይሟሟም። ይሁን እንጂ በአሜሪካ ከታተሙት ባለ 45 ዙር ሸክላዎች አንዳንዶቹ ቪኒል ሳይሆኑ ፖሊስታይሪን ከሚባል ሌላ ፕላስቲክ የተሠሩ ስለሆኑ፣ እዚህም ቢሆን ድፍረት አይበጅም።

ሦስተኛው ላከር የሚባለው ነው። ይህ በፋብሪካ የታተመ ሳይሆን በሬዲዮ ጣቢያና በስቱዲዮ አንድ በአንድ የተቀረጸ ነው። ውስጡ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፤ በላዩም ስስ ቅብ አለው። ዕድሜው ሲገፋ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ያወጣል፤ ቅቡም እየተሰነጣጠቀ ይላጣል። እንዲህ ያለው ሸክላ በዓለም ላይ ሌላ ቅጂ የሌለው ሊሆን ስለሚችል በቤት ውስጥ ከቶ አይታጠብም። ንክኪው ተቀንሶ፣ ቆሞ ተቀምጦ፣ የድምፅ ቅርስ ለሚጠብቅ ባለሙያ ይሰጣል።

መለያቸው እንዲህ ነው። መጀመሪያ በመካከሉ ያለውን ወረቀት አንብቡ። 78 የሚል ከሆነ፣ ወይም ዙሩ ካልተጻፈና ሸክላው ከባድ ከሆነ፣ ሼላክ ነው ብላችሁ ያዙት። ቀጥሎ በጥፍራችሁ ጠርዙን በቀስታ መታ መታ አድርጉ፤ ሼላክ እንደ ሳሕን ጠንከር ያለ ድምፅ ሲሰጥ ቪኒል ግን የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። አጥፋችሁ ለመሞከር ግን አትነሡ፤ ሼላክ ከሆነ በእጃችሁ ላይ ይሰበራል። በመጨረሻም ጠርዙንና የመካከሉን ቀዳዳ ተመልከቱ። ብረት ብልጭ የሚል ከሆነ ላከር ነው፤ ወደ ቦታው መልሱት። ከተጠራጠራችሁ ሼላክ እንደሆነ አድርጋችሁ ያዙት።

2. በፈሩ ውስጥ ምን አለ?

የሸክላ ፊት እንደ ታረሰ ማሳ ፈር አለው፤ ልዩነቱ የሸክላው ፈር ከዳር ጀምሮ እየተጠመዘዘ ወደ መካከል የሚገባ አንድ ረጅም ፈር መሆኑ ነው። የቪኒል ፈር ስፋት የአንድ ሚሊሜትር 5 መቶኛ ያህል ስለሆነ ከሰው ጠጉር አይሰፋም። 22 ደቂቃ የሚጫወት አንድ የትልቅ ሸክላ ፊት ፈሩ ቢዘረጋ 470 ሜትር ያህል ይሆናል። መርፌው ይህን ሁሉ መንገድ የሚሄደው የፈሩን ግድግዳዎች እየዳሰሰ ነው፤ ግድግዳዎቹ የተወዛወዙት በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነውና መርፌው ሲወዛወዝ ድምፁ ተመልሶ ይወለዳል።

እንግዲህ በዚህ ቀጭን መንገድ ላይ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ለመርፌው እንደ ቋጥኝ ናት። መርፌው ሲመታት «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ግድ ባልሰጠን፤ ነገር ግን የመርፌው ጫፍ እጅግ ጠባብ በመሆኑ ክብደቱ ሁለት ግራም እንኳ ቢሆን በነካው ቦታ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ከባድ ነው። አቧራውን ከግድግዳው ጋር ያፋጨዋል፤ ፍጭቱም ፕላስቲኩን ይፍቃል። አቧራ ታጥቦ ይወጣል፤ የተፋቀ ግድግዳ ግን አይመለስም። ስለዚህ ሸክላ የሚታጠበው እንዲያምር ብቻ አይደለም፤ ከመጫወቱ በፊት የሚታጠበው እንዳይፋቅ ነው።

ቪኒል በተለይ አቧራ የሚወድበት ምክንያት አለው። በጠጉር ላይ የታሸ ማበጠሪያ ቁራጭ ወረቀት ወደ ራሱ እንደሚስብ፣ ቪኒልም በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ ወይም ከወረቀት ሽፋኑ ተስቦ ሲወጣ ኤሌክትሪክ ይቋጥርና በዙሪያው ያለውን ብናኝ ይሰበስባል። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ይህ ይብሳል። በሸሚዝ እጅጌ ወይም በነጠላ ጫፍ ጠረግ ጠረግ ማድረግ አቧራውን ከማራቅ ይልቅ የሚጠራው ለዚህ ነው። የቤታችን ጢስም ይጨመርበታል። የዕጣንና የሚቆላ ቡና ጢስ፣ የሲጋራም እንዲሁ፣ በሸክላው ላይ ሲያርፍ ስስ ቅባት ስለሚተው አቧራውን እንደ ሙጫ ያጣብቀዋል። ከቡናው ልማድ ራቁ አንልም፤ ዕጣኑ ሲጨስ የማጫወቻው ክዳን ይዘጋ፣ ሸክላውም ወደ ሽፋኑ ይግባ እንላለን።

3. የሚያስፈልጉ ነገሮች

የሚያስፈልገው ነገር የተማሪ ኪስ የሚችለው ነው።

ሀ. የተጣራ ውኃ፦ ይኸውም ተንኖ እንደገና ውኃ የሆነ፣ በእንግሊዝ አፍ ዲስቲልድ የሚባለው ነው። የቧንቧ ውኃ ስንጠጣው ንጹሕ ቢሆንም የተሟሟ ማዕድን አለበት፤ ውኃው ሲተን ማዕድኑ እንደ ማንቆርቆሪያ ዝቃጭ በፈሩ ውስጥ ደርቆ ይቀራል። ማፍላት ይህን ማዕድን ፈጽሞ አያስወግደውም። የተጣራ ውኃ ለመኪና ባትሪ መሙያ ይሸጣል፤ ነገር ግን በዚያው መደርደሪያ የባትሪ አሲድም ሊኖር ስለሚችል ጽሑፉን ሳታነቡ እንዳትገዙ አደራ እንላለን። አሲድ ዓይንና እጅ ያጠፋል።

ለ. የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፦ ለአንድ ሊትር የተጣራ ውኃ ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ ይበቃል። የሳሙናው ሥራ ውኃው በፈሩ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀርና ወደ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ነው። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይሆንም፤ የማይሟሟ ነገር ይተዋል።

ሐ. ለስላሳ ብሩሽ ወይም ከፋይ ጨርቅ፦ እኛ በመዳፍ የሚያዝ ለስላሳ እንጨት ላይ ቁራጭ ከፋይ ለጥፈን ሠርተናል። አንዱ ለሳሙናው፣ ሌላው ለማለቅለቂያው ይሁን።

መ. ሁለት የፕላስቲክ ክዳኖች፦ የመካከሉን ወረቀት ለመሸፈን ነው። የወረቀቱ ስፋት 10 ሳንቲሜትር ያህል ስለሆነ ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ የጣሳ ክዳን ይበቃል። ያ ወረቀት ዘፋኙን፣ ባንዱንና የሸክላውን ቁጥር የያዘ ነው፤ ረጥቦ ቢላጥ ሸክላው ስሙን እንዳጣ ሰው ይሆናል።

ሠ. የታጠበና ብናኝ የማይተው ጨርቅ፣ እንዲሁም የሳሕን ማድረቂያ መደርደሪያ።

አልኮል፣ ቤንዚን፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያና ማንኛውም ማብረቂያ ቅባት በዚህ ዝርዝር ውስጥ አልገቡም፤ እንዳይገቡም። ለቪኒል በጥቂቱ የተበረዘ አልኮል የሚጠቀሙ ባለሙያዎች አሉ። እኛ ግን ከደረሰብን በኋላ ጠርሙሱ ከሸክላ ሣጥን አጠገብ እንዳይቀመጥ ወስነናል፤ ሳሙናና ውኃ ከሠሩ አደጋውን መጥራት ለምን ያስፈልጋል?

4. የአተጣጠቡ ሥርዓት

ለቪኒል፦ መጀመሪያ እጅ ይታጠባል። ሸክላው በጠርዙና በመካከሉ ወረቀት ብቻ ይያዛል፤ ጣት በፈሩ ላይ ካረፈ ወዙ ይቀራል። የላዩ ደረቅ አቧራ ሳይጫኑት በለስላሳ ብሩሽ ይነሣል፤ ይህ ካልቀደመ አቧራው በእርጥብ ብሩሽ ሥር እንደ አሸዋ ይፍቃል። ከዚያ ወረቀቱ በክዳኖቹ ይሸፈንና ሸክላው በንጹሕ ፎጣ ላይ ተኝቶ የሳሙናው ውኃ በብሩሹ ይቀባል። ብሩሹ የሚሄደው በፈሩ አቅጣጫ ማለትም ዙሪያውን ነው፤ ከመካከል ወደ ዳር ፈሩን አቋርጦ መፈተግ ክልክል ነው። ጥቂት ጊዜ ዙሮ፣ ውኃው አንድ ደቂቃ ያህል በፈሩ ውስጥ ቆይቶ፣ እንደገና ይዞራል።

ከሁሉ የሚረሳው ማለቅለቁ ነው። ሳሙናው ቆሻሻውን ከግድግዳው ያላቅቀዋል እንጂ ከፈሩ አያወጣውም። በንጹሕ የተጣራ ውኃ ሁለት ጊዜ ካልተለቀለቀ ሳሙናና ቆሻሻ አብረው ይደርቃሉ፤ መርፌውም ያን ልፋጭ ይሰበስባል። «ካጠብኩት በኋላ ባሰበት» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ በደንብ ያላለቀለቀ ሰው ነው። ከዚህ በኋላ ጨርቁ ውኃውን ሳይፈትግ ይጠጣል፤ ሸክላውም በሳሕን መደርደሪያው ላይ ቆሞ፣ በጥላ፣ አቧራ በሌለበት ይደርቃል። እኛ ቢያንስ አንድ ሰዓት እንጠብቃለን።

ለሼላክ፦ ሥርዓቱ ያው ሲሆን ሦስት ነገር ይለያል። በውኃ ውስጥ አይነከርም፤ በጥቂቱ በረጠበ ብሩሽ ብቻ ይታጠባል። ድብልቁ ውኃ ሊመጥና ሊያብጥ ስለሚችል ሥራው ፈጣን ይሁን፤ ወዲያውም ይድረቅ። የተሰነጠቀ ከሆነ ውኃው በስንጥቁ ስለሚገባ ደረቅ ብሩሽ ብቻ ይበቃዋል።

የአናጢ ሙጫ በሸክላ ላይ አፍስሶ፣ ሲደርቅ እንደ ቆዳ መላጥ የሚሉትም ዘዴ አለ። በቪኒል ላይ አቧራ ሲያወጣ ይታያል፤ ነገር ግን ሙጫው ሳይደርቅ ከተነካ ወይም ስስ ከሆነ በፈሩ ውስጥ ይቀራል፤ በሼላክ ላይም አይሞከርም። በአደራ በተሰጠ ሸክላ ላይ የሚሞከር ነገር አይደለም።

5. መርፌው

ንጹሕ ሸክላ በአሮጌ መርፌ ሲጫወት ይበላሻል። የአልማዝ መርፌ እንደ አያያዙ ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ያገለግላል፤ ከዚያ በኋላ ጫፉ ተሞርዶ ፈሩን እንደ ማረሻ ያርሰዋል። በመርፌው ላይ የሚሰበሰበው ብናኝ በትንሽ ለስላሳ ብሩሽ ከኋላ ወደ ፊት ብቻ ይጠረጋል፤ በጣት አይነካም። የጥንቱ ባለ ቀንድ ግራሞፎን የብረት መርፌ ግን ለአንድ ፊት ብቻ ነው፤ ከዚያ ይጣላል።

ከዚህም ሌላ ቪኒል በዚያ በጥንቱ ግራሞፎን ላይ ፈጽሞ አይቀመጥ። የራሱ ክብደት ለጠንካራው ሼላክ የታሰበ ስለሆነ የቪኒሉን ፈር በአንድ ጊዜ ያጠፋዋል። እንዲሁም የሼላክ ፈር ከቪኒሉ በጣም ስለሚሰፋ ለእርሱ የተሠራ ሰፊ ጫፍ ያለው መርፌ ያስፈልገዋል፤ የቪኒሉ መርፌ ከፈሩ ወለል ወርዶ ቆሻሻውን ብቻ ይጠርጋል።

6. ማስቀመጫው

ሸክላ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ተደራርቦ ከተኛ ከሥር ያለው ይጫናል፤ አጋድሎ ከቆመ ይጣመማል። ቪኒል ሙቀት ይፈራል፤ በፀሐይ ከሚሞቅ መስኮትና ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለ ቆጥ ይራቅ። የተጣመመውን በእሳት ለማቃናት የሚሞክር ሰው ፈሩንም አብሮ ያቀልጠዋል።

በክረምት ጠላቱ ሻጋታ ነው። ሻጋታ የሚጀምረው ከወረቀቱ ነውና ሣጥኑ ከመሬትና ከእርጥብ ግድግዳ ይነሣ። የሻገተው የውስጥ ሽፋን ይጣል፤ ሸክላው ውጭ አየር ላይ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ ይጠረግና ይታጠብ። አዲሱ የውስጥ ሽፋን ከፖሊኤትሊን ወይም ከንጹሕ ለስላሳ ወረቀት ይሁን። የሚያብረቀርቀው ለስላሳ የፒቪሲ ላስቲክ ግን ዘመን ሲቆይ ቅባቱን በሸክላው ላይ እያወጣ ፊቱን ያደበዝዘዋል።

7. ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ «ዘፈኑ በስልካችን ይገኝ የለም ወይ?» ይሉናል። የታወቀው ይገኛል። ነገር ግን የሀገራችን የቪኒል ዘመን አጭር ነበር፤ ከ1969 እስከ 1978 ዓ.ም ድረስ ብቻ ነው። በእነዚያ ዓመታት የታተሙት ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ወደ 500 እንደሚጠጉ፣ ትልልቆቹም 30 ያህል እንደሆኑ ይገመታል። ከዚያ በኋላ ካሴት ቦታውን ያዘ። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት የወጣው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ሥራ ብዙውን ለዓለም አሰማ፤ ሁሉን ግን አልጨረሰም። የመጀመሪያው የስቱዲዮ ክር የጠፋበት ዘፈን ካለ፣ ምስክሩ በአንድ ሰው አልጋ ሥር ያለው ሸክላ ብቻ ነው። ያን ሸክላ በሸሚዝ እጅጌ የሚጠርገው ወይም በአልኮል የሚያጥበው ደግሞ እንደ እኛ ያለ በጎ አሳቢ ተማሪ ነው።

ስለዚህ ያጠባችሁትን ሸክላ ሳይውል ሳያድር ቅዱት። ለመጠባበቂያ የሚሆነው ቅጂ ያልተጨመቀ ዋቭ ፋይል፣ 24 ቢትና 96 ኪሎኸርዝ ቢሆን ይመረጣል፤ ኤምፒ3 ለማዳመጥ እንጂ ለማቆየት አይሆንም። የመካከሉን ወረቀትና የሽፋኑንም ሥዕል ፎቶ አንሡ፤ የባለቤቱን ትዝታም ጠይቃችሁ ጻፉ።

እኛ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ አዛውንቱ ቤት ተመለስን። ጥፋቱ የእኛ እንጂ የዕድሜ አለመሆኑን ነግረን ይቅርታ ጠየቅናቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ የቀሩትን ሦስቱን አምጡ አሉን። ከዚህ በላይ በጻፍነው ሥርዓት አጥበን፣ በትክክለኛው መርፌ አጫወትንላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሦስተኛው ሲያልቅም፣ «አባባ፣ ያበላሸነው የትኛው ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው። «ቃል በቃል አላስታውሰውም፤ ዜማውን ግን እንካችሁ» ብለው አንጐራጐሩልን። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ቀርጸን ከሦስቱ ቅጂዎች ጋር አስቀምጠነዋል።

በሚቀጥለው ዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ከአልጋው ሥርና ከቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን ጠይቁ። ሸክላ ስታገኙም ጨርቅ ከማንሣታችሁ በፊት ጠርዙን በጥፍራችሁ መታ አድርጉና የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ።